«የመሪ ድምፅ»፦ በአንድ የጥገና መመሪያ ረቂቅ ትርጉም ላይ የቀረበ ሐተታ

የአንድ አውቶሞቢል የጥገና መመሪያ ረቂቅ ትርጉም ለአስተያየት ከቀረበልኝ ሰንበት ብሏል። ተርጓሚው ትጉህ ሰው መሆኑ ከሥራው ይታያል፤ ዐረፍተ ነገሩ ቀና ነው፤ የባዕድ ቃልም በዘፈቀደ አላስገባም። ነገር ግን መሪ ሲዞር ስለሚሰማው ጩኸትና ስለ ጥገናው የሚናገረውን ምዕራፍ «የመሪ ድምፅ» ብሎ ሰይሞታል። ከጋራዥ ርቆ ለሚኖር አንባቢ ይህ ርእስ የአንድ አለቃ ንግግር፣ አለዚያም በምርጫ ቀን የሰጠው ካርድ ይመስለዋል። በዚህ ፈገግ ብለን ልናልፍ በቻልን ነበር። ይሁን እንጂ በእንግሊዝኛው በልዩ ልዩ ቃላት የተለዩት ጩኸቶች ሁሉ ከርእሱ በታች «ያልተለመደ ድምፅ» በሚል አንድ ሐረግ ተጠቅልለው ስለ ቀረቡ ጉዳዩ ከቀልድ ያለፈ ነው።

መካኒክ ከመፍቻው በፊት የሚያሠራው ጆሮውን ነው። ሞተሩ ገና ሲነሣ ወይም መሪው እስከ ጥግ ሲታጠፍ ሲጢጥ የሚል ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የላላ ወይም ያረጀ ቺንጋ ነው። በዘይት ግፊት የሚታገዝ መሪ ሲዞር እያላዘነ፣ ከሞተሩም ፍጥነት ጋር ከፍና ዝቅ እያለ የሚሰማ ከሆነ ዘይቱ ጎድሏል ወይም አየር ገብቶበታል፤ የማጠራቀሚያው ክዳን ሲከፈት አረፋ መታየቱ ይህን ያጠናክራል። መኪናው እንደ ቆመ መሪው ሲዞር እንደ አሮጌ አልጋ ሲጥ ሲጥ ካለ ደግሞ ቅባት ያጣ መጋጠሚያ ወይም ከአሞርዛተሩ ራስ ላይ ያለው ኩሽኔታ ይመረመራል። ወጣ ገባ በሆነ መንገድ ላይ ቋ ቋ ካለ ግን ቴስቲናው ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ቺንጋው ቢበጠስ መሪው እጅግ ይከብዳል እንጂ መታዘዙን አይተውም፤ ቴስቲናው ጨርሶ ከወለቀ ግን ጎማው ለነጂው አይታዘዝም። ሲጢጥ የሚለውንና ቋ ቋ የሚለውን በአንድ ስም የጠራ መመሪያ፣ ነጂው የትኛውን ሰምቶ ወዲያው መቆም እንዳለበት አልነገረውም ማለት ነው።

ተርጓሚው ለምን እንዲህ አደረገ? ቋንቋው ደኽይቶበት እንዳልሆነ ከላይ የተጠቀሱት አነጋገሮች ይመሰክራሉ። በእኔ ግምት ያሰናከለው ሠንጠረዡ ነው። እንግሊዝኛው በግራው ዐምድ የብልሽቱን ምልክት በስም ይደረድራል፤ ተርጓሚውም በአንጻሩ ስም ፈለገ። አማርኛ ግን የዚህን ዓይነቱን ጩኸት የሚያከማቸው በአብዛኛው በስም ሳይሆን በግሥ፣ ይልቁንም «አለ» በሚለው ረዳትነት ነው። ቋ አለ ስንል አንድ ጊዜ ነው፤ ቋ ቋ አለ ስንል ተደጋግሟል። ሲጢጥ የተሳበ ቀጭን ጩኸት ነው፤ ሲጥ ሲጥ ግን አጭርና ተመላላሽ ነው። ከእነዚህ ስም ለማውጣት የሚሞክር ሰው ኳኳታን፣ ፉጨትንና ጥቂት መሰሎቻቸውን ካገኘ በኋላ መንገዱ ይዘጋበታል። ያን ጊዜ «ድምፅ» የሚለው ሰፊ ከረጢት ይመጣና ሁሉን ይውጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በዐምዱ ውስጥ ስም መኖር አለበት ያለን ማንም የለም። «መሪ ሲዞር ሲጢጥ ማለት»፣ «በጉድጓድ መንገድ ቋ ቋ ማለት» ተብሎ በአርእስተ ግሥ ቢጻፍ የስያሜ ሕግ አይፈርስም።

አንዱ ቋ የሚለውን ሌላው ገጭ ይለዋል፣ ስለዚህ እነዚህ አነጋገሮች ለሙያ ቃልነት አይበቁም የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ልዩነቱ መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን ቋ የሚለውን ሲጢጥ ነው ብሎ የሚከራከር አላጋጠመኝም። ቋ፣ ጧ፣ ጠቅ የሚሉት በፈንጂ ተነባቢ የሚጀምሩና ወዲያው የሚቋረጡ ናቸው፤ የሚገልጹትም ብረት ከብረት መጋጨቱን ነው። የቀረውን ብዥታ ሁኔታውን አብሮ በመጻፍ ማጥራት ይቻላል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ መሪው ግን ሳይቆለፍ፣ አንድ ሰው መሪውን በትንሹ ግራና ቀኝ ሲያወዛውዝ ሌላው እጁን በመጋጠሚያዎቹ ላይ በየተራ ያሳርፋል። ጩኸቱ ያን ጊዜም ከተሰማ ነገሩ ከመጋጠሚያ ነው፤ ሞተሩ ሲነሣ ብቻ ከመጣ ወደ ቺንጋውና ወደ ፓምፑ ይኬዳል።

በዚሁ ምርመራ ላይ ረቂቁ «ጨዋታ» የሚል ቃል አስገብቷል። እንግሊዝኛው፣ ፈረንሳይኛው፣ ጣሊያንኛውና ጀርመንኛው በመጋጠሚያ መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉም በጨዋታ ይጠሩታል፤ ስለዚህ ተርጓሚው ብቻውን አይደለም። እኔ ግን «ልልነት»ን እመርጣለሁ፤ የመሪውን ጨዋታ መርምር የተባለ ጀማሪ እጁ ምን እንደሚፈልግ አያውቅም፤ ልልነቱን መርምር ቢባል ያውቃል።

ቴስቲናን አስወግዶ «የመሳቢያ ዘንግ ጫፍ» ማለቱንም አልደግፍም። እኔ ራሴ በወጣትነቴ እንዲህ ያለውን ስያሜ በደስታ እፈጥር ነበር። ስያሜው ትክክል ነው፤ ሆኖም በዚህ ስም ዕቃውን የሚሸጥ መደብር አይገኝም። ቴስቲና በጣሊያንኛ ትንሽ ራስ፣ ኩሽኔታም ከትንሽ ትራስ የመጣ ነው፤ እንደ ፍሬንና እንደ ጎማ ሁሉ በጋራዡ አማርኛ ውስጥ ሥር ሰደዋል። አዲሱ ስያሜ በፍቺው ቦታ፣ በማብራሪያነት ይቀመጥ።

በኤሌክትሪክ ሞተር ብቻ የሚታገዝ መሪ ፓምፕም የመሪ ዘይትም ስለሌለው ዘይት እንዲታይ የሚያዝዘው አንቀጽ ለየትኛው ዓይነት መሪ እንደ ሆነ መገለጥ ይኖርበታል። በመጨረሻም፣ በዘይት የሚሠራው መሪ እስከ ጥግ ሲታጠፍ ለአፍታ የሚሰማው ሽ ማለት ዘይቱ በግፊት ማስተንፈሻው በኩል ሲያልፍ የሚመጣ ነውና ብልሽት አይደለም። ረቂቁ ይህንንም ካልተለመደው ጋር ደምሮታል። ከሠንጠረዡ ወጥቶ፣ መሪውን በዚያ ጥግ ከጥቂት ሴኮንድ በላይ ይዞ መቆየት ፓምፑን እንደሚጎዳ ከሚገልጽ ማሳሰቢያ ጋር ቢጻፍ ይሻላል።