የልጄን ድምፅ ልስጥለት?

በ2013 ዓ.ም. ሰኔ መግቢያ ላይ ለተዝካር ወደ አዊ ዞን፣ ወደ ጥርባ ሄጄ ነበር። ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ሊካሄድ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። እንግዳው ከተበተነ በኋላ አክስቴ ከሣጥኗ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጣችና እጄ ላይ አኖረችው። ሁለት የመራጭነት ካርድ ነው፤ አንዱ የእሷ፣ ሌላው የልጇ። ልጁ በሚያዝያ ተመዝግቦ ካርዱን ከወሰደ በኋላ፣ ክረምቱ ሲቃረብ እንደ እኩዮቹ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ ወርዷል።

«ልጄ፣ አንተ ተምረሃል። የእሱን ድምፅ እኔ ብሰጥለት ነውር አለው?»

«አይቻልም አክስቴ። ራሱ ነው መምጣት ያለበት።»

«እንዴ! ግብሩን ስከፍልለት ‘ባለቤቱ ይምጣ’ ያለኝ የለ። በዕድሩም እኔው ነኝ የምቆምለት። የላከውን ብር እኔው እቀበላለሁ። ይኼ ምን ቢሆን ነው?»

መልስ አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄዋ እንደ እሾህ እየወጋኝ ስለኖረ፣ እስቲ ዛሬ ከአንባቢ ጋር እንየው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 መራጩ ኢትዮጵያዊ እንዲሆን፣ 18 ዓመት እንዲሞላው፣ በምርጫ ክልሉም ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ እንዲሆን ይጠይቃል። ድምፅን በፖስታ መላክ የለም፤ በሰው መላክም የለም። አሁን ይህን ጎረምሳ በዚህ ወንፊት አሳልፉት። መተማ እንዳይመዘገብ ስድስት ወር አልኖረም። ጥርባ እንዳይመርጥ መተማ ነው። ሰሊጥ ደግሞ የምርጫ ቦርድን የጊዜ ሰሌዳ አያነብም፤ ሰኔ ዘር፣ ሐምሌ አረም፣ መስከረም አጨዳ ይላል። ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደው ወቅታዊ ሠራተኛ ደግሞ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ነው።

ሕጉ ከቤት መራቅን ጨርሶ አያውቅም ማለቴ አይደለም። በካምፕ ላሉ ወታደሮች፣ ለከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎችና ለተፈናቃዮች «ልዩ የምርጫ ጣቢያ» እንዲቋቋም ፈቅዷል። ደግ ነው። ግን ልብ በሉ፤ ሦስቱም ተሰብስበው የሚገኙ፣ ዝርዝራቸው በአንድ መዝገብ የተያዘ ሰዎች ናቸው። ዛሬ አንዱ ባለሀብት ዘንድ፣ ነገ ሌላው ዘንድ የሚያድር የቀን ሠራተኛ «ልዩ» ለመባል እንኳ አልበቃም። ለተፈናቃዩም ቢሆን መብቱ ሁልጊዜ አይሠራም። ያኔ ከመተከል የተፈናቀሉ በርካታ ሰዎች እዚያው አዊ ውስጥ፣ ቻግኒ ራንች መጠለያ ነበሩ። መተከል ላይ ግን ምርጫው በጸጥታ ምክንያት በአብዛኛው ሳይካሄድ ቀርቶ እስከ ሰኔ 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ዘገየ። የሚመርጡለት አገር ራሱ ምርጫ አልነበረውም።

ሌላው ዓለም ይህን እንዴት ፈታው? ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ በፖስታ ታስመርጣለች። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2020 ከአሥር መራጭ አራት ያህሉ ድምፁን የሰጠው በፖስታ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ወረቀቱ ቤት ድረስ ይመጣል። መራጩ ምልክት አድርጎ ስም በሌለው ፖስታ ያሽገዋል፤ ያንን ደግሞ ፊርማውን ባኖረበት ሌላ ፖስታ ከትቶ ይልካል። የውጪው ፖስታ ማንነቱን ይመሰክራል፣ የውስጡ ምስጢሩን ይጠብቃል።

ይህን ጥርባ ላይ ልሞክረው ብል ሁለት ነገር ይገጥመኛል። አንደኛ፣ የእኛ ፖስታ የሚደርሰው ሣጥን ቁጥር ላለው ነው እንጂ የቤት በር አያንኳኳም። ሁለተኛው ይብሳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 ድምፅ በምስጢር ይሰጥ ይላል። ያቺ ከመጋረጃ ጀርባ ያለች ደቂቃ ለብዙዋ ሚስት፣ ለብዙው ልጅ፣ ለብዙው ተቀጣሪ ብቻውን የሚያስብባት ቦታ ናት። ወረቀቱን ቤት ድረስ ብናመጣው የቤቱ አባወራ ለስድስቱም አይሞላም ብላችሁ ትምላላችሁ? እኔ አልምልም። ፈረንሳይም ማጭበርበሩ ቢያስቸግራት እ.ኤ.አ. በ1975 የፖስታ ምርጫን ለአብዛኛው መራጭ ሰርዛ፣ በእሱ ፈንታ የታመነ ሰው መወከልን መርጣለች። አክስቴ የጠየቀችኝ እኮ ይህንኑ ነው!

በእኛም አገር ቢሆን ውክልና እንግዳ ነገር አይደለም። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከባድ ምክንያት መኖሩ ተረጋግጦ ሲፈቀድ በእንደራሴ መጋባትን ይቀበላል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር «እንደራሴ» የሚለውን ቃል ለተማሪዎቼ ፈታትቼ አሳይ ነበር፤ እንደ ራሴ የሆነ ሰው ማለት ነው። በእንደራሴ ሚስት ማግባት ይቻላል፤ እንደራሴን በእንደራሴ መምረጥ ግን አይቻልም። ይሁን፣ እኔም አልወደውም፤ የአባወራው ነገር እዚህም ይከተለኛል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ሰውየውን ወደ ኮሮጆው ማምጣት ካቃተ፣ ኮሮጆውን ወደ ሰውየው መውሰድ ነዋ! ይህ ደግሞ በአገራችን ታይቷል። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ኤርትራውያን ስለ አገራቸው ነጻነት እዚሁ አዲስ አበባ ድምፅ ሰጥተዋል። በጥር 2003 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳናውያንም እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ የራሳቸውን ሪፈረንደም መርጠዋል። ከክልላቸው ውጪ የሚኖሩ ሐረሪዎች ለብሔራዊ ጉባኤያቸው የመምረጥ መብታቸው በ2013 ምርጫ አከራክሮ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ተፈርዶላቸዋል። እንግዲህ የሩቅ ድምፅ በዚህ ምድር ሊቆጠር እንደሚችል ምስክር አለን።

እኔን የሚከነክነኝ ወሬያችን ነው። «በሌለበት የሚመርጥ» ሲባል በየሆቴሉ አዳራሽ ወዲያው የሚነሳው ዋሽንግተን ነው። ዜግነቱን የለወጠው ወገናችን ቢጫ ካርድ ይዞ ብዙ መብት ቢያገኝም መምረጥን ሕጉ በግልጽ ነፍጎታል። ስለ እሱ ግን የሚሟገት አያጣም። ኢትዮጵያዊ ፓስፖርቷን አሠሪዋ ቁልፍ አድርጋባት ቤሩት የምትጠርገው ልጅ ዜጋ ናት፤ ማን አነሳት? የመተማው ጎረምሳማ ድንበርም አልተሻገረ። ከእናቱ ጓሮ ወጥቶ እዚያው ክልሉ ውስጥ ነው ያለው። የድሃ መሄድ በእኛ ዓይን እንደ መቅረት ይቆጠራል፤ ሀብታም ሲሄድ ግን «ውጭ ነው ያለው» እንላለን።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሠራተኛው በሚሰበሰብባቸው ከተሞች፣ ለመጣበት የምርጫ ክልል ድምፅ የሚሰጥበት ልዩ ጣቢያ ይቋቋምለት። ከምርጫው ቀን አስቀድሞም ይሁን፤ መጋረጃውም፣ ታዛቢውም፣ ቀለሙም አይቅር።

ምርጫው ሰኔ 14 ቀን ሰኞ ዋለ። «ሰኔና ሰኞ» የምንለው መባቻው ሰኞ ሲውል ነው፤ አክስቴ ግን ያንን አልቆጠረችም። በጭቃው ሄዳ፣ ተሰልፋ መረጠች። ማታ ስደውልላት የነገረችኝ የልጇን ካርድ መልሳ ሣጥን ውስጥ መክተቷን ነው።

«አይቻልም» ማለቴ ትክክል ነበር፤ ሕጉ ያንን ይላል። ሕጉን ነገርኳት እንጂ መልስ ግን አልሰጠኋትም። ግብሩን በመጣለት ሰው እጅ የሚቀበል አገር፣ ድምፁን የሚቀበልበት አንድ መንገድ ሊፈልግለት ይገባል።