የዱራ ማጣበቂያና የካንጋተን ሕመምተኛ

በኛንጋቶም ወረዳ፣ በካንጋተን፣ ከሞተር ብስክሌት ወድቆ ጭንቅላቱ የተመታ ወጣት በአፍንጫው ውኃ መሰል ንጹሕ ፈሳሽ ቢንጠባጠብ የመጀመሪያውን ውሳኔ የሚሰጠው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ሳይሆን ነርሱ ወይም ጤና መኮንኑ ነው። የአንጎልና የአከርካሪ ፈሳሽ መሾለክን በማጣበቂያ ስለ መድፈን የሚታተሙ ጥናቶችም ከዚህ ባለሙያና ከሕመምተኛው አንጻር ሊመዘኑ ይገባል።

ከማጣበቂያዎቹ ቀደም ያለው ፋይብሪኖጅንንና ትሮምቢንን አዋህዶ የደም መርጋትን የመጨረሻ ደረጃ የሚደግመው የፋይብሪን ማጣበቂያ ነው። ዱራሲል የተባለው ሰው ሠራሽ ማጣበቂያ ደግሞ በ2005 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሲፈቀድ የአንጎል የውጭ ሽፋን የሆነውን የዱራን ስፌት እንዲያግዝ እንጂ እንዲተካ አልነበረም።

በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመው የዱራሲል ጥናት በ111ዱም ሕሙማን ላይ ስፌቱ በቀዶ ሕክምናው ወቅት ፈሳሽ ማሳለፍ ማቆሙን ዘገበ። ውጤቱ ማራኪ ቢሆንም ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም፤ ዋነኛ መለኪያውም በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ የታየው ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመውና 237 ሕሙማንን በዕጣ የደለደለው ጥናት ግን ከተለመዱት የመዝጊያ ዘዴዎች ጋር ሲያነጻጽረው፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሚከሰተው መሾለክ ረገድ ጉልህ ልዩነት አላገኘም። ከዚህም በላይ የሁለቱም ጥናቶች ተሳታፊዎች በቀጠሮ የራስ ቅል ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው እንጂ የአደጋ ተጎጂዎች አልነበሩም። ስለዚህ ውጤቱን እንዳለ ወስዶ በካንጋተኑ ወጣት ላይ መተርጎም አይቻልም።

ለእርሱ የሚበጀው ሌላ ነው። በአደጋ ምክንያት የሚሾልክ ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና ይቆማል። እስከዚያው ራሱን ከፍ አድርጎ ማስተኛት፣ ከመናፈጥና ከማማጥ መከልከል ያስፈልጋል። አፍንጫውን በጥጥ መወተፍም ሆነ በአፍንጫው የጨጓራ ቱቦ ማስገባት አይገባም። ትኩሳትና የአንገት መገተር ከታየ ማጅራት ገትርን መጠርጠር ግድ ነው። ማጅራት ገትርን ለመከላከል ተብሎ በዘልማድ የሚሰጥ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ግን በቂ ማስረጃ አልተገኘለትም። ከሁሉም በላይ ሕመምተኛውን ሳይዘገዩ በጂንካ በኩል ወደ ከፍተኛ ሕክምና መላክ ይገባል።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና ከተጀመረበት ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዱራን በወጉ የሚሰፉ እጆች በሀገር ውስጥ እየበዙ መጥተዋል። ማጣበቂያው ሊያግዝ የሚችለው እነዚህን እጆች ነው፤ እነርሱም የሚጠቅሙት ምልክቱን በጊዜ ያወቀ ሰው በካንጋተን ሲኖር ነው።