የሽምብራ ዓሳ
ቆሮሶና አምባዛ ከጀልባ በሚወርድበት በቆቃ፣ እኔ የማመሰግነው የሽምብራውን ዓሳ ነው። ሽምብራው ክረምት ሲወጣ ተዘርቶ፣ የሉሜ ጥቁር አፈር በያዘው እርጥበት የሚያድግ ነው። ዱቄቱ በጨው፣ በዘይትና በጥቂት ውሃ ጠንከር ተደርጎ ይታሻል፤ በጠርሙስ ተዳምጦ ራስና ጅራት ይወጣለታል። ባለሙያ ሴት በቢላዋ ጫፍ ዓይንና ቅርፊት ሳይቀር ትነቅስለታለች! ይህ ትዕግሥት ሁልጊዜ ይገርመኛል። ተጠብሶ ቁሌቱ ውስጥ ሲገባ ወጡን ጠጥቶ ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ሥጋም ዕንቁላልም የለበትም፤ ኪስም አይጎዳም። እሱ ባይኖር፣ በሁዳዴ ዓሳ የማይነካ ቤት ሽሮና ምስር ሲያፈራርቅ ይከርም ነበር። ለመጾም ላልደረሱ ልጆች ደግሞ ከወጥ ሳይገባ የቀረው ጥብስ፣ ከትኩስ ሻይ ጋር፣ የጠዋት ቁርሳቸው ነው።