በወረቀት ስለሚደረግ የመተግበሪያ ፍተሻ፦ አጭር ሂስ

አንድ መሣሪያ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ስህተቱን ማረም ብዙ ገንዘብና ድካም እንደሚጠይቅ የታወቀ ነው። ግድግዳው ከቆመ በኋላ በሩን ወደ ሌላ ወገን ለማዞር የሞከረ ሁሉ ይህን ያውቃል። የስልክና የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠሩ ባለሙያዎችም ከዚህ ችግር ለመዳን አንድ ቀላል ዘዴ ይጠቀማሉ። ይኸውም ፕሮግራሙን ከመጻፋቸው በፊት እያንዳንዱን የስክሪን ገጽ በወረቀት ላይ ስለው ለተጠቃሚ በማቅረብ መፈተን ነው። በዚህ ጽሑፍ የዘዴውን ጥቅም ከገለጽን በኋላ፣ ብዙ ሰዎች በአንድነት ለሚገለገሉበት የሥራ ዝርዝር መተግበሪያ ሲውል የሚታይበትን ጉድለት እንመረምራለን። ምሳሌያችንንም የምንወስደው ከካርቱም በስተሰሜን፣ ከጥቁር ዓባይ ማዶ ከምትገኘው ከባሕሪ ነው።

የፍተሻው አሠራር እንዲህ ነው። አንድ ሰው ተጠቃሚ ሆኖ ከጠረጴዛ ፊት ይቀመጣል። የስልክ ስክሪን የሚያህል ወረቀት ይቀርብለታል፤ በላዩም መጫኛዎቹ፣ ርእሶቹና ዝርዝሮቹ በእጅ ተጽፈዋል። ተጠቃሚው በጣቱ አንዱን መጫኛ ሲነካ፣ «ኮምፒውተር» የተባለው ሰው አንዲት ቃል ሳይናገር የሚቀጥለውን ወረቀት ያቀርባል። ሌላው ሰው ፍተሻውን ይመራል፤ ሥራውን ይሰጣል፣ ተጠቃሚው የሚያስበውን ጮክ ብሎ እንዲናገር ያሳስባል፣ ነገር ግን መልሱን አይጠቁምም። የቀሩት ደግሞ ተጠቃሚው የት ላይ እንዳመነታ፣ የት ላይ እንደተሳሳተ ይመዘግባሉ። የሚፈተነው ወረቀቱ እንጂ ሰውየው አለመሆኑን አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። እኛ መምህራን ይህን ሕግ በተለይ ልብ ልንለው ይገባል፤ ፈተና በተባለ ቁጥር የተፈታኙ ጥፋት ብቻ ይታየናልና።

ዘዴው የትናንት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1985 በስዊድንና በዴንማርክ በተካሄደው «ዩቶፒያ» በተባለው ፕሮጀክት፣ የጋዜጣ ኅትመት ሠራተኞችና ተመራማሪዎች ገና በእጃቸው ያልገቡ ማሽኖችን ከካርቶንና ከወረቀት አስመስለው እየሠሩ የወደፊት ሥራቸውን ይሞክሩ ነበር። የሌዘር ማተሚያው እንኳ ስሙ የተጻፈበት ባዶ ካርቶን ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. ደግሞ ካሮሊን ስናይደር «ፔፐር ፕሮቶታይፒንግ» በሚል ርእስ ዘዴውን በሰፊው የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመች።

ጥቅሙን ማንም ሊክደው አይችልም። ወጪው መቀስ፣ ወረቀትና እርሳስ ብቻ ስለሆነ ኮምፒውተር ባልገባበት ትምህርት ቤት እንኳ ሊሠራበት ይቻላል። ንድፉ ያላለቀ መሆኑ በግልጽ ስለሚታይ ተጠቃሚው ለመንቀፍ አያፍርም፤ ሠሪውም ለመቅደድ አይሳሳም።

ለአማርኛ ደግሞ የተለየ ጥቅም አለው። ቋንቋችን ሲያዝ የታዛዡን ጾታ፣ ቁጥርና ክብር ሳይገልጽ አያልፍም። በጋራ ዝርዝር ላይ «ዳቦ ግዛ» ተብሎ ቢጻፍ እኅታችን «እኔን አይደለም» ትላለች፤ «ግዢ» ቢባል ወንዶቹ ዘወር ይላሉ፤ ታላቅ ሰው ካለ ደግሞ «ይግዙ» ማለት ግድ ይሆናል። ከባዕድ ቋንቋ የተተረጐሙ መጫኛዎችም «አክል»፣ «አጥፋ»፣ «ጨርስ» እያሉ ሁሉን ሰው እንደ አንድ ወጣት ወንድ ያዝዛሉ። ይህ ዓይነቱ ጉድለት በወረቀት ፍተሻ ቶሎ ይታወቃል። እዚያው በላጲስ ጠፍቶ «ዳቦ መግዛት»፣ «መጨመር»፣ «ማጥፋት» ተብሎ ሲጻፍ ትእዛዝነቱ ቀርቶ የሥራ ስም ይሆናል፤ ማንም አይቀየምም።

ይሁን እንጂ ዘዴው የማያየው ነገር አለ። በባሕሪ አንድ ግቢ ተከራይተን በአንድነት ስንኖር በበሩ ጀርባ የተለጠፈ አንድ ወረቀት ነበረን። ዳቦው፣ ውሃው፣ ኪራዩ፣ ቀጠሮው ሁሉ እዚያ ላይ ይጻፋል፤ የፈጸመው ሰው ይሰርዘዋል። የጋራ የሥራ ዝርዝር መተግበሪያ የሚባለውም በመሠረቱ ይኸው ወረቀት ነው። አንድ ቀን ከመካከላችን አንዱ ስለ ጓደኛው የመኖሪያ ፈቃድ የተሰጠውን ቀጠሮ በስልክ ተቀበለ። በዐረብኛ ስምንት ሰዓት ስለተባለ እንደሰማው «8 ሰዓት» ብሎ ጻፈ። ባለጉዳዩ ግን በሐበሻ አቆጣጠር አንብቦት ከምሳ በኋላ ሄደ። ቀጠሮው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነበርና ተራው አልፎ ጠበቀው። ሌላ ቀጠሮ እስኪያገኝ ድረስ ብዙ ሳምንታት ያለ ፈቃድ፣ ከቤት ለመውጣት እየፈራ ኖረ።

እስቲ ያንን ዝርዝር በተለመደው መንገድ እንፈትነው። ጸሐፊውን ለብቻው አስቀምጠን «ቀጠሮው መቼ ነው?» ብንለው ሳያመነታ «ጠዋት» ይላል። ባለጉዳዩን ለብቻው ብንጠይቀው እርሱም ሳያመነታ «ከምሳ በኋላ» ይላል። ሁለቱም አልቆሙም፣ አልተደናገሩም፤ መዝጋቢውም የሚጽፈው ጥፋት አያገኝም። ስህተቱ ከጸሐፊውም ከአንባቢውም ዘንድ ሳይሆን በሁለቱ መካከል ነበርና። ሁለት ተጠቃሚዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ መፈተንም የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች ስለሚነጋገሩ ችግሩ ሳይታይ በጨዋታ ይፈታል።

«ተፈታኞቹን ብናበዛስ?» የሚል ይኖራል። በዚህ ረገድ የያኮብ ኒልሰንና የቶማስ ላንዳወር የ1993 እ.ኤ.አ. ስሌት የታወቀ ነው። አንድ ተጠቃሚ በአማካይ 31 በመቶ የሚሆነውን ችግር ቢያገኝ፣ አምስት ተጠቃሚዎች 85 በመቶ ገደማውን ያገኛሉ። ተማሪዎች 0.69ን አምስት ጊዜ በራሱ አባዝተው ውጤቱን ከ1 በመቀነስ ሊያረጋግጡት ይችላሉ። ይህ ግን አማካይ ነው። ከአሥር ሰው አንዱን ብቻ የሚያሰናክል ችግር ከሆነ፣ አምስት ሰዎች የማግኘታቸው ዕድል 41 በመቶ ብቻ ነው። ላውራ ፎክነርም በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት ከ60 ተጠቃሚዎች አምስት አምስት እየመረጠች ስታነጻጽር፣ ከችግሮቹ 55 በመቶውን ብቻ ያገኘ ቡድን እንደነበረ አሳይታለች። የእኛ ነቀፌታ ግን ከዚህም ያልፋል። በአንድ ሰው ፊት ፈጽሞ የማይገለጥ ችግር ዕድሉ ዜሮ ነው፤ ዜሮ ደግሞ አምስትም መቶም ሰው ቢደረደር ዜሮ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የመልእክት መዘግየት ነው። የወረቀቱ «ኮምፒውተር» ሁልጊዜ ነቅቶ፣ ሁልጊዜ ፈጥኖ ይመልሳል። እውነተኛው ኔትወርክ ግን እንዲህ አይደለም። በሱዳን በሰኔ 2019፣ በጥቅምት 2021 እና በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ኢንተርኔት ለብዙ ቀናት መቋረጡ ይታወሳል። መልእክት ሲዘገይ አንዱ የገዛውን ዳቦ ሌላው ይደግመዋል፤ ኪራዩን ግን እያንዳንዱ «ሌላው ከፍሎታል» እያለ ማንም ሳይከፍል ይቀራል።

እንግዲህ ዘዴው ይጣል አንልም፤ ይስተካከል እንላለን። በክፍል ውስጥ ለመሞከር የሚከተለው ይበቃል። ሁለት ተማሪዎች በሁለት ክፍሎች፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን የወረቀት ስልክ ይዘው ይቀመጡ። በእያንዳንዱ ክፍል አንድ «ኮምፒውተር» ይኑር፤ በመካከላቸው ደግሞ አንድ ተላላኪ ተማሪ «ኔትወርክ» ሆኖ የተጻፈውን ያመላልስ። መምህሩ ለተላላኪው በምስጢር «ይህን መልእክት አሥር ደቂቃ ኪስህ ውስጥ አቆየው» ይበለው። በመጨረሻም ሁለቱ ተማሪዎች ሳይነጋገሩ፣ እያንዳንዱ ሥራ የማን እንደሆነና መቼ እንደሚፈጸም በየራሳቸው ወረቀት ይጻፉ። ሁለቱ ወረቀቶች የተለያዩበት ቦታ ሁሉ የንድፉ ጥፋት ነው። «8 ሰዓት» የሚለውም እዚያ ላይ ይያዛል፤ መድኃኒቱም ከቁጥሩ በፊት «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት በኋላ» የሚለውንና የማን አገር ሰዓት እንደሆነ መጠየቅ ነው።

ይህ ጥቃቅን ነገር ላይ ማተኰር የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን የተነሣው ጦርነት በባሕሪ በአንድ ግቢ ይኖሩ የነበሩትን ብዙዎች በትኗቸዋል። አንዱ በፖርት ሱዳን፣ አንዱ በካይሮ፣ አንዱ በመተማ በኩል ተሻግሮ ጎንደር ሲገኝ፣ የጋራ ጉዳያቸው ማለትም የልጅ ትምህርት፣ የታማሚ ሕክምናና የጉዞ ወረቀት የሚያዘው በስልክ ዝርዝር ነው። ሱዳን እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2017 ወዲህ ሰዓቷን ወደ ኋላ ስለመለሰች ከኢትዮጵያ በአንድ ሰዓት ትዘገያለች። አንድ በር ጀርባ የተለጠፈ ወረቀት ቢያሳስት ጽሑፉን ያሰፈረው ሰው በአጠገብ ስለሚገኝ ይጠየቃል። የተበተኑ ሰዎች ዝርዝር ግን ራሱ ካልተናገረ የሚናገርለት የለም። ስለዚህ የጋራ የሆነ ነገር መፈተን ያለበት በጋራ፣ ያውም ተራርቀው በተቀመጡ ሰዎች መካከል ነው።