አራት ደቂቃና አንድ መስኮት፦ የቶክዮ ጣቢያ ሆቴልና የመቼት ጥያቄ

«መቼት» የሚለው ቃል በሥነ ጽሑፍ ትምህርታችን ውስጥ ከታደሉት ሙያዊ ቃላት አንዱ ነው። «መቼ»ንና «የት»ን አጋጥሞ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ያስጠራናል። በተማሪዎቻችን ወረቀት ላይ ግን ይህ ጋብቻ ሲፈርስ እናያለን። «የልብ ወለዱ መቼት አዲስ አበባ ሲሆን ዘመኑም ከአብዮቱ በፊት ነው» ተብሎ ሁለት መስመር ይጻፋል፤ ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ይዘጋና ወደ ገጸ ባሕርያትና ወደ ጭብጥ ይታለፋል። መቼት የመጋረጃ ያህል ተቈጥሮ ከተዋንያኑ ጀርባ ይሰቀላል። እኛ መምህራኑም ብንሆን ከዚህ የተሻለ ነገር አስተምረናል ለማለት ያስቸግራል። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝ ለጥቂት ሌሊቶች ያረፍሁበት ሆቴልና በዚያው ሆቴል ስም የሚጠቀስ አንድ የወንጀል ልብ ወለድ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» የሚል ካልተጨመረባቸው በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

የቶክዮ ጣቢያ ሆቴል በባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለ ሆቴል አይደለም፤ በጣቢያው ሕንፃ ውስጥ ያለ ነው። ማሩኖውቺ በሚባለው ወገን፣ ፊቱን ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት አዙሮ የቆመውን የቀይ ጡብ ሕንፃ የነደፈው ታትሱኖ ኪንጎ የተባለው፣ ለንደን ሄዶ የተማረው መሐንዲስ ነው። ጣቢያው በ1914 ተከፈተ፤ ሆቴሉ በተከታዩ ዓመት በ1915። ሕንፃው 335 ሜትር ያህል ይረዝማል። ይህን ቁጥር በወረቀት ላይ ያነበበ ሰው ምንም አይሰማው ይሆናል፤ የክፍሉን ቁልፍ ይዞ በመተላለፊያው ላይ ሲጓዝ ግን እግሩ ይነግረዋል። በግንቦት ወር 1945 የአሜሪካ አውሮፕላኖች ባደረሱት ድብደባ ሁለቱ ጉልላቶችና ሦስተኛው ፎቅ ተቃጠሉ። ከጦርነቱ በኋላ ሕንፃው በሁለት ፎቅ ተጠግኖ ከስልሳ ዓመት በላይ በዚያው መልኩ ኖረ፤ ሆቴሉም በ1951 እንደገና ሥራ ጀመረ። ወደ ጥንቱ መልኩ ለመመለስ በ2006 ተዘግቶ በ2012 በ150 ክፍሎች ተከፍቷል። እንግዲህ ዛሬ «ጥንታዊ» እየተባለ የሚደነቀው ጉልላት ከአብዛኞቹ ተማሪዎቼ በዕድሜ ያንሳል።

ስለ ምቾቱ ብዙ አልጽፍም። የአንድ ሌሊቱ ዋጋ ከአስተማሪ ኪስ ጋር የሚተዋወቅ አይደለም፤ የከፈሉልኝ የጋበዙኝ ሰዎች ናቸው። ለሐያሲ የሚጠቅመው ነገር ግን ከአልጋው ይልቅ በጉልላቱ በኩል ያለው መስኮት ነው። ጉልላቱን በከበቡት ክፍሎች ያረፈ እንግዳ መጋረጃውን ሲገልጥ የሚያየው ሰማይ ሳይሆን ከታች በአዳራሹ የሚተራመሰውን መንገደኛ ነው። ከላይ ያለው እንግዳ የታችኛውን ሰው ያያል፤ የታችኛው ሰው ግን ባቡሩ እንዳያመልጠው ስለሚቸኩል ቀና አይልም። በዚሁ አዳራሽ ደቡባዊ መግቢያ በ1921 ጠቅላይ ሚኒስትር ሃራ ታካሺ በጩቤ ተወግቶ ሞቷል። ቦታው በወለሉ ላይ ትንሽ ምልክት ተደርጎበታል፤ ሕዝቡም ይረግጠዋል።

እንዲህ ያለ ቤት ደራስያንን መሳቡ አያስደንቅም። ኤዶጋዋ ራንፖ በ1936 ለልጆች በጻፈው «ሃያ ፊት ያለው ሰው» በሚባለው ታሪኩ መርማሪውን አኬቺን ከውጭ አገር ሲመለስ በቶክዮ ጣቢያ ያወርደዋል። ሊቀበለው የመጣው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ባለ ሥልጣን መስሎ የቀረበው ሌባው ራሱ ነው፤ ሁለቱም ተዋውቀው እንዳልተዋወቁ ሆነው በጣቢያው ሆቴል ክፍል ይነጋገራሉ። ኋላ በ1968 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ካዋባታ ያሱናሪም በ1956 በ317 ቁጥር ክፍል ተቀምጦ «ሴት መሆን» የሚለውን በጋዜጣ በተከታታይ የወጣ ልብ ወለዱን ጽፏል። የጃፓን ቋንቋ ስለማላነብ ስለ ካዋባታ ሥራ ፍርድ አልሰጥም። የራንፖ ግን በትርጉም የሚገኝ ነው፤ ሆቴሉ በእርሱ ዘንድ ያለው ድርሻ መድረክነት ብቻ ነው። ሁለቱ ብልጦች በሌላ ማናቸውም ሆቴል ቢገናኙ ታሪኩ አንዳች አይጎድልበትም። ተማሪዎቻችን የለመዱት መቼት ይህን የመሰለውን ነው።

የማትሱሞቶ ሴይቾ «ነጥቦችና መስመሮች» ከዚህ በፍጹም የተለየ ነው። ሴይቾ በ1909 ከድኻ ቤተ ሰብ የተወለደ፣ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ያልዘለለ፣ ለረዥም ጊዜ በጋዜጣ ድርጅት ተቀጥሮ የሠራ ሰው ነው። ልብ ወለዱ «ጉዞ» በሚል ስም በሚታተም የመንገደኞች መጽሔት ከ1957 እስከ 1958 መጀመሪያ በተከታታይ ወጣ። ያሱዳ የተባለ የማሽን ነጋዴ የአንድ ምግብ ቤት ሁለት አስተናጋጆችን ይጋብዛል። ከግብዣው በኋላ ወደ ካማኩራ ስለምሄድ ሸኙኝ ብሎ ወደ ቶክዮ ጣቢያ 13ኛ መስመር ይዟቸው ይመጣል። እዚያ ቆመው ሳሉ በ15ኛው መስመር ላይ የባልደረባቸውን የኦቶኪን ከአንድ ወጣት ጋር «አሳካዜ» በሚባለው ፈጣን ባቡር መሳፈር ያያሉ። ከቀናት በኋላ ሴቲቱና ወጣቱ በደቡብ፣ በካሺይ የባሕር ዳርቻ ጎን ለጎን ሞተው ይገኛሉ። ወጣቱ ሳያማ በአንድ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት በጉቦ ጉዳይ የሚፈለግ ሹም ነበር። አብረው ሲሳፈሩ ያዩ ምስክሮች ስላሉ ፖሊስ በፍቅር ተስማምተው የሞቱ ናቸው ብሎ መዝገቡን ሊዘጋ ይቃጣል።

ሴራው የተንጠለጠለው በአንድ ነገር ላይ ነው። በ13ኛውና በ15ኛው መስመር መካከል ቀኑን ሙሉ ባቡሮች ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣ ይቆማሉ፤ ስለዚህ ከአንዱ ቆሞ ሌላውን ማየት አይቻልም። በቀን ውስጥ መኻሉ ባዶ የሚሆነው ለአራት ደቂቃ ብቻ ነው፤ በእነርሱ አቈጣጠር ከ17፡57 እስከ 18፡01፣ በእኛ ደግሞ ከቀኑ 11 ሰዓት ከ57 እስከ 12 ሰዓት ከ1። ያሱዳ ሁለቱን ሴቶች በዚያች ቅጽበት እዚያ ያቆማቸው ሆነ ብሎ መሆኑን ያወቀ አንባቢ ወንጀሉን ከሥሩ ያዘ ማለት ነው። «የት» ብቻውን ምንም አይነግረንም፤ አሥር ደቂቃ ቀደም ቢሉ የሚያዩት የፉርጎ ጎን ነው። «መቼ»ም ብቻውን ምንም አይነግረንም። የሁለቱ መጋጠም ራሱ ድርጊት ሆኗል። መቼት የሚለውን ቃል ሳስተምር ከዚህ የሚሻል ምሳሌ አላገኘሁም።

ሆቴሉ በዚህ ታሪክ ይኮራል። ደራሲው ያዘወትረው ከነበረው ከ209 ቁጥር ክፍል የባቡር መድረኮቹ ይታዩት ስለነበር የአራቱ ደቂቃ ሐሳብ ከዚያ መስኮት ተወለደ ይባላል። የክፍሉ ቁጥር ዛሬ ተለውጧል፤ በአጠገቡ ባለው ግድግዳ ላይ የልብ ወለዱ የመጀመሪያ ገጽና የዘመኑ የባቡር ሰሌዳ በመስታወት ተሰቅለዋል። እኔም ቆሜ አየሁት። በዚያ የቆመ አስጐብኚም ሆነ እንግዳ የሚለው አንድ ነው፦ «እዚህ ነው የጻፈው»። ይህ አነጋገር ከእኛም አገር ሩቅ አይደለም። እገሌ የሚቀመጥበት ወንበር፣ እገሌ ቡናውን የሚጠጣበት ጥግ እያልን ሂስ የጻፍን ይመስለናል።

ይህ የመስኮት ወግ እውነት ቢሆን እንኳ ልብ ወለዱን አይፈታልንም። በመጽሐፉ ውስጥ አንድም ሰው ከሆቴል መስኮት ሆኖ የሚያየው ነገር የለም። ደራሲው አየ የተባለውን ነገር ከላይ አውርዶ ለሁለት አስተናጋጆች ዓይን ሰጥቶታል። እነዚህ ሴቶች ያዩት እውነት ነው፤ አልዋሹም። የሚያዩትን የመረጠላቸው ግን ሌላ ሰው ነው። ሀብታሙ ነጋዴ ሰዓቱን ደጋግሞ እያየ፣ ድኾቹን ምስክሮች በቦታቸው ያቆማል። ስለዚህ በእኔ ግምት የልብ ወለዱ ዋና ጥያቄ «ማን ገደለ?» አይደለም፤ ገዳዩን ከመጀመሪያው እንጠረጥረዋለን። ጥያቄው «ያየነውን ነገር እንድናይ ያደረገን ማን ነው?» የሚለው ነው። «በዓይኔ አይቻለሁ» የሚለው ንግግር በእኛም ሸንጎ ሆነ በእኛ ጋዜጣ ያለውን ክብደት ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም።

በዚሁ ላይ የያሱዳ ሚስት ሪዮኮ አለች። በሽተኛ ናት፤ ካማኩራ ባለው ቤቷ አልጋ ላይ ትውላለች። ሌላው ሰው ልብ ወለድ እንደሚያነብ እርሷ የባቡር ሰሌዳ ታነባለች፤ በዚህች ደቂቃ በማላውቀው ጣቢያ አንድ ባቡር ቆመ እያለች ያልረገጠችውን አገር በሐሳቧ ትዞራለች፤ ስለዚሁም ልማዷ አንድ ጽሑፍ አሳትማለች። ሴይቾ ከሳላቸው ሰዎች ሁሉ ለእኔ ሕያው ሆና የቆመችው እርሷ ናት። ባሏ በእግሩ የሚሄደውን መንገድ እርሷ ተኝታ ታቅደዋለች። ሰሌዳ የሚባለው ደረቅ የቁጥር ሠንጠረዥ ለአልጋ ቁራኛ ግጥም፣ ለሟቾቹ ደግሞ የፍርድ ወረቀት የሚሆንበት ይህ አያያዝ የደራሲውን ችሎታ ከአራቱ ደቂቃ ይበልጥ ያሳየኛል።

ከሌላው ወገን የቆመው የፉኩኦካው መርማሪ ቶሪጋይ ነው። አሮጌ ካፖርት የለበሰው ይህ ሽማግሌ ጥርጣሬውን የሚጀምረው ከሟቹ ኪስ በተገኘ የባቡር ምግብ ቤት ደረሰኝ ላይ ነው፤ ደረሰኙ የአንድ ሰው ምግብ ይላል። አብረው ሊሞቱ የሄዱ ፍቅረኞች ለምን አብረው አልበሉም? አብሮ መብላት ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ፍንጭ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ቶሪጋይ ካሺይ ላይ ያሉትን የሁለቱን ጣቢያዎች ርቀት በእግሩ እየሄደ በሰዓቱ ይለካል። ሪዮኮ በወረቀት የሠራችውን እርሱ በእግሩ ይፈትሻል።

ድክመትም አለው። ቶክዮ ያለው መርማሪ ሚሃራ ያሱዳ በአውሮፕላን ሊሄድ እንደሚችል ለማሰብ የሚወስድበት ጊዜ አንባቢውን ያሰለቻል፤ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሆካይዶ፣ በባቡርና በጀልባ ብቻ እያሰበ ገጽ በገጽ ይደክማል። ደራሲው የመጽሔቱን የባቡር ወዳዶች ለማስደሰት ሲል መርማሪውን ያደነዘዘው ይመስላል። ፍጻሜውም የሚነገረን በድርጊት ሳይሆን ሚሃራ ለቶሪጋይ በሚጽፈው ረዥም ደብዳቤ ነው፤ ይህ የተጣደፈ ደራሲ መውጫ በር ነው። ደብዳቤው ግን አንድ መራራ ነገር ይነግረናል፦ ጉቦው የተበላለት ትልቁ ሹም ሳይነካ ወደ ሌላ ሹመት መዛወሩን። ሴይቾ የወንጀል ልብ ወለድን ከእንቆቅልሽ አውጥቶ ወደ ማኅበራዊ ሂስ አሸጋግሯል የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው፤ እኔም እቀበለዋለሁ።

ያ አራት ደቂቃ ዛሬ በቶክዮ ጣቢያ የለም። ከ1964 ጀምሮ የጥይት ባቡር የሚባለው ፈጣኑ መስመር ገባ፤ «አሳካዜ» በ2005 አገልግሎቱን አቆመ። የመድረክ ቁጥሮቹም ተለዋወጡ፤ ዛሬ በምድር ላይ ካሉት መስመሮች 10ኛውን አልፎ ቀጥሎ የሚገኘው 14ኛ ነው፤ 13 የሚባል ቁጥር የለም። እኔም ቁጥሩን ፍለጋ ወርጄ ይህን አረጋግጫለሁ። መጽሐፉን በእጁ የያዘ ሰው ግን አራቱን ደቂቃዎች አላጣቸውም።

የእኛስ? ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 መልእክተኛ ሆነው ጃፓን ሄደው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን በ1924 ዓ.ም. አሳተሙ። ያን መጽሐፍ ከጉዞዬ በኋላ እንደገና አነበብሁት። የመንግሥት እንግዳ ዓይን ነው፤ የሚያየው ሊያዩት የተዘጋጀለትን ነው፤ እርሳቸውም ይህን በአክብሮት ተቀብለው ይጽፋሉ። የሴይቾን አስተናጋጆች ካነበቡ በኋላ ይህን የጉዞ ማስታወሻ ማንበብ የተለየ ጥቅም አለው። በተከታዩ ዓመት ያወጡት «አዲስ ዓለም» ደግሞ ባሕር ማዶ የተማረ ወጣት ወደ አገሩ ሲመለስ ከዘመዶቹ ልማድ ጋር የሚገጥመውን ትግል ይተርካል። እዚያም ጉዳዩ ያለው መድረሻው ላይ ነው፤ መንገዱ ራሱ ታሪክ አልሆነም።

የምድር ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፤ የለገሀር ጣቢያ ሕንፃ በ1929 ተሠራ፤ ስሙም ከፈረንሳይኛ ወደ ከተማው አንደበት ገብቶ የሰፈር ስም ሆነ። ቡፌ ደ ላጋርም የአንድ ዘመን ወግ ነበር። በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር ደግሞ ከከተማው ዳር፣ ከለቡ በኩል ይነሣል። በዓሉ ግርማ በ«ኦሮማይ» (1975 ዓ.ም.) የአስመራን ቦታዎች ከዘመቻው ቀናት ጋር እንዳይነጣጠሉ አድርጎ አጋጥሟል፤ እርሱ ከሴይቾ አጠገብ ሊቆም የሚችል ነው። ስለ ለገሀርና ስለ ድሬዳዋ ጣቢያ የተጻፉትን ትዕይንቶች ግን በዚህ ዓይን የመረመረ ጥናት አልገጠመኝም። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚፈልጉ ተማሪዎች እነዚህን ትዕይንቶች ከልብ ወለዶቻችን ለቅመው በእያንዳንዱ ላይ አንድ ፈተና ቢሞክሩ መልካም ይመስለኛል፦ ትዕይንቱን ከለገሀር አንሥተው አውቶቡስ ተራ ቢያኖሩት፣ ሰዓቱንም ከጧት ወደ ማታ ቢያዛውሩት፣ ከታሪኩ ውስጥ ምን ይፈርሳል?