ነጩን ለይቶ የሚያይ ዓይን

ሰላጣ ላይ የምናፈሰው አቼቶ ጉልበቱን የሚያገኘው ከአሴቲክ አሲድ ነው። ይኸው አሲድ ከ3 እስከ 5 በመቶ ሆኖ ተበጥብጦ የማህፀን በር ጫፍ ሲቀባ፣ ወደ ካንሰር ሊያመራ የሚችል የሕዋስ ለውጥ ያለበት ቦታ ይነጣል። በየጤና ጣቢያችን ምርመራውን ብዙ ጊዜ የምትሠራው አዋላጅ ነርስ ናት። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ፈሳሹ ሳይሆን እሷን ለዚህ የሚያበቃት ሥልጠና ነው።

ነጭ ሁሉ አንድ አይደለማ! ተራ ብግነትም ያነጣል። ስለዚህ ሠልጣኞች አስቀድመው ፎቶ እያዩ ይከራከራሉ፦ ጠርዙ ጥርት ያለ ነው ወይስ የደበዘዘ? በማህፀን በር ጫፍ ላይ ያሉት ሁለቱ የሕዋስ ዓይነቶች የሚገናኙበትን መስመር ይነካል? ከዚያ በሞዴል ላይ ስፔኩለም (የማህፀን በርን ከፍቶ ለማየት የሚረዳ መሣሪያ) ማስገባት ይለማመዳሉ፤ ቀጥሎ በአሠልጣኝ ዓይን ሥር ወደ ታካሚ ይሻገራሉ። ጥጥ ነክሮ መቀባቱስ ቀላል ነው። ከባዱ ከቀቡ በኋላ ያችን አንድ ደቂቃ መታገሥ ነው፤ የቸኮለች ባለሙያ ገና ያልነጣውን ለውጥ ሳታይ ታካሚዋን «ደህና ነሽ» ብላ ልትሸኛት ትችላለች።

አንደበትም ይሠለጥናል። «እህቴ፣ ትንሽ ሊቆጠቁጥሽ ይችላል» ማለት ከሙያው ይቆጠራል።

ለውጡ ለሕክምናው የሚመች ከሆነ እዚያው፣ በዚያው ቀን፣ በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይታከማል። ከገጠር ለመጣች ሴት ሌላ ቀጠሮ ሌላ የመኪና ሒሳብ ነውና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ይህን ካንሰር የሚያመጣውን ቫይረስ ለመከላከል በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የኤችፒቪ ክትባት የ14 ዓመት ልጃገረዶችን ይዞ ነው የተነሣው፤ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉት እናቶቻቸው ግን ይህን ምርመራ ይፈልጋሉ።