ሸንተረር ይዞ የሚሄድ መንገድ

ከወረታ እስከ ወልድያ ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ አለ። ያገሩ ሰው የቻይና መንገድ ይለዋል። ምዕራባዊ ጫፉ ፎገራ ሜዳ ላይ ነው፤ ምሥራቃዊ ጫፉ ከወሎ ደጋ ቁልቁለት ግርጌ። በመካከሉ ደብረ ታቦር፣ ጋሳይ፣ ክምር ድንጋይ፣ ነፋስ መውጫ፣ ጨጨሆ፣ ደብረ ዘቢጥ፣ ፍላቂት እና ጋሸና በተራ ይመጣሉ። ከመንገዱ በስተደቡብ ካለችው ከአርብ ገበያ ወደ ሰሜን የወጣ መንገደኛ የሚገናኘው ከዚሁ ጋር ነው። ወደ ግራ ቢታጠፍ ጣና ይደርሳል። ወደ ቀኝ ቢታጠፍ ወልድያ፣ ከዚያም በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በባቲ እና በሚሌ አድርጎ ወደ ባሕር ይወርዳል። ጭነቱ ድሮ አሰብ ይራገፍ ነበር፤ ከ1990ው የኤርትራ ጦርነት ወዲህ በጋላፊ በኩል ጅቡቲ ይገባል።

ይህን መንገድ ለማየት ከመኪና መውረድ ያስፈልጋል። የሠሪዎቹ እጅ የሚታወቀው በመስመሩ፣ በተዳፋቱ፣ በቦዩ እና በግንቡ ነው።

ከመስመሩ እንነሳ። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ከእሱ የሚወርደው ውሃ ሦስት አቅጣጫ ይይዛል። ርብና ጉማራ ወደ ጣና ይሄዳሉ። አንዱ ወገን ወደ ተከዜ ያዘነብላል። ሌላው ወደ በሽሎ ይወርዳል፤ አርብ ገበያ ያለችው በዚህኛው ወገን ነው። ከነፋስ መውጫ ወደ ጋሸና የሚዘልቀው ከፍታ በሽሎንና ተከዜን የሚለይ ሸንተረር ነው። መንገዱ ይህንኑ ሸንተረር ይዞ ይሄዳል።

የምርጫው ብልህነት ድልድይ ሲቆጠር ይታወቃል። ሸንተረር የያዘ መንገድ ትልቅ ወንዝ አያቋርጥም። ወንዙን ገና ምንጭ ሳለ፣ በእርምጃ የሚሻገሩት ፈፋ ሳለ ያልፈዋል። መስመሩ ወደ ደቡብ ቢያዘነብል የጅዳ ሸለቆ ነበር የሚገጥመው። ወደ ሰሜን ቢያዘነብል የተከዜ ገባሮች የቆራረጡት ገደል ነበር። ቀያሹ ሁለቱንም ትቶ በመካከል ያለውን ጠባብ ከፍታ ያዘ። ጨጨሆ ላይ ከፍታው ራሱ ይጠብባል፤ መንገዱ አለቱን ተደግፎ፣ ገደሉን ታክኮ ያልፋል። እዚያ የመስመር ምርጫ የለም፤ ያለው የጥንቃቄ ሥራ ብቻ ነው።

በደንብ የተሠራ መንገድ አናቱ መካከሉ ላይ ነው። አስፋልት ከመካከል ወደ ጠርዝ በየሜትሩ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ጠጠር መንገድ ሻካራ ስለሆነና ውሃውን ስለሚይዝ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይፈልጋል። በዓይን አይታወቅም፤ ዝናብ ሲጥል ግን ይታወቃል። መንገዱ በሸንተረሩ ጫፍ ላይ በሚያልፍበት ቦታ ይህች ትንሽ ዝቅታ ውሃውን ለሁለት ወንዞች ታካፍላለች። ወደ ሰሜን የወረደው ጠብታ ተከዜን ይዞ ሱዳን ይገባል፣ እዚያም አትባራ ይባላል። ወደ ደቡብ የወረደው በበሽሎ ዓባይን ይቀላቀላል፣ ካርቱምንም ያልፋል። ሁለቱ እንደገና የሚገናኙት ከካርቱም በስተሰሜን፣ አትባራ ከተማ አጠገብ ነው።

ይህን ከፍታ ቀድመው በሥራ የፈተኑት አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ሲነሱ በጋይንት፣ በዘቢጥ እና በቤተ ሖር በኩል አለፉ። ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ አብሯቸው ነበር። ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይገመታል። በሠረገላ ላይ ተጭኖ በጠፍር የሚስበው ሰው ነው። በቅሎ የምታልፍበት የእግር መንገድ ሠረገላ አያሳልፍም፤ ስለዚህ መንገዱ ከመድፉ ፊት ፊት እየተሠራ መሄድ ነበረበት። አለቱ በባሩድ ተሰነጠቀ፣ ጉድባው በድንጋይና በአፈር ተሞላ፣ ቁጥቋጦው ተመነጠረ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ ያነሱ ነበር። ቀላል ጓዝ የያዘ መንገደኛ በቀናት የሚጨርሰው ጉዞ ወደ ስድስት ወር ፈጀ።

7 ቶን በመንኮራኩር ላይ ሲቀመጥ ተዳፋት ምን እንደሆነ ያስተምራል። በ100 ሜትር 10 ሜትር በሚወጣ አቀበት ላይ መድፉን ወደ ኋላ የሚስበው ኃይል 700 ኪሎ ያህል ነው። በ100 ሜትር 20 ሜትር ቢሆን ወደ 1,400 ኪሎ ይጠጋል። አንድ ሰው ሳያቋርጥ 20 ኪሎ ይስባል ብንል፣ መድፉ ባለበት እንዲቆም ብቻ 70 ሰው ያስፈልጋል። ለመንቀሳቀስ ደግሞ የመንኮራኩሩ ፍትጊያ ይጨመራል። መታጠፊያውም የራሱ ችግር አለው። ረጅም ጠፍር የያዘ ሰልፍ ጠባብ ኩርባ ላይ ሲደርስ ሠረገላውን ወደ ውስጥ፣ ከመንገዱ ውጪ ይስበዋል። ስለዚህ ኩርባው ሰፊ፣ አቀበቱ መታጠፊያ የማይበዛበት መሆን አለበት። ሰፊ ኩርባ በገደል ላይ ማውጣት ማለት ብዙ አለት መቁረጥ ማለት ነው።

ቻይናውያን በኋላ ሸንተረሩን ይዘው ወደ ወልድያ ቀጠሉ። ቴዎድሮስ ግን መድረሻቸው መቅደላ ስለነበር ሸንተረሩን መተው ግድ ሆነባቸው። ጅዳ ፊታቸው ነበር። ወደ 1,000 ሜትር ቁልቁል፣ ከዚያ ወደ ደላንታ ሽቅብ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ በሽሎ ቁልቁል። ቁልቁለት ላይ ሥራው ይገለበጣል፤ የሚስበው ሰው ከኋላ ሆኖ መያዝ ይጀምራል።

በዚያው ዓመት ከባሕር በኩል ሌላ መንገድ እየመጣ ነበር። የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ከዙላ ተነስቶ፣ ወደ 13,000 ወታደር ይዞ፣ ደጋውን ተከትሎ ወደ ደቡብ ወረደ። ቀላል መድፎቹን በበቅሎ፣ ከባዶቹን ከሕንድ ባመጣቸው 44 ዝሆኖች አስጫነ። እንግሊዞች ሸክሙን ለመንገዱ አሳነሱ፤ ቴዎድሮስ መንገዱን ለሸክሙ አሳደጉ። ጦሩ የዋድላን ደጋ ጨርሶ ጅዳ አፋፍ ሲደርስ የወረደው ቴዎድሮስ ባሠሩት መንገድ ነው። ከጦሩ ጋር የነበረው የጂኦግራፊ ሊቅ ክሌመንትስ ማርክሃም ስለ ዘመቻው በጻፈው መጽሐፍ ይህን መንገድ በአድናቆት አንስቶታል። መንገዱን የመረመረው በጠላት ወገን ሆኖ፣ ጦሩ መድፍና ጓዝ ሲያወርድበት ነው። ከዚያ የበለጠ ጥብቅ ፈታኝ አይገኝም።

የቻይናው መንገድ ታሪክ የሚጀምረው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቤይጂንግን ጎበኙ። ከጉብኝቱ የተገኘው ብድር ለዚህ መንገድ ዋለ። ሥራው በ1967 ዓ.ም. ገደማ ተጀምሮ በደርግ ዘመን ተጠናቀቀ። ለአሥርት ዓመታት ጠጠር ነበር። አስፋልት የለበሰው በኋላ፣ በየክፍሉ ነው። መስመሩ ግን በአብዛኛው ያው የመጀመሪያው ነው፤ ጠጠር ሳለ የተመረጠው አቅጣጫ አስፋልትንም ተሸከመ።

ተዳፋቱን ከወረታ ጀምረን እንለካው። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር ትንሽ ታልፋለች። ደብረ ታቦር ወደ 2,700 ሜትር ናት። በመካከላቸው ወደ 42 ኪሎ ሜትር አለ። በአማካይ ሲታይ በየ100 ሜትሩ 2 ሜትር ማለት ነው። ተራራው በዚህ ልክ አይወጣም፤ አንዴ ሜዳ፣ አንዴ ግድግዳ ነው። ቀያሹ የወጣውን እንዳይመልስ ይጠነቀቃል። 10 ሜትር ወጥቶ 10 ሜትር የወረደ መንገድ ለጭነት መኪና የነዳጅም የፍሬንም ኪሳራ ነው።

ግድግዳና ሜዳ የሚፈራረቁት በድንጋዩ አቀማመጥ ምክንያት ነው። ይህ አገር ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እየፈሰሰ የተደራረበ ጥቁር ድንጋይ ነው። በአንዱና በሌላው ፍሰት መካከል ለስላሳ ቀይ ንጣፍ ይገኛል። ጠንካራው ገደል ሆኖ ይቆማል፤ ለስላሳው እየተሸረሸረ መደብ ይሠራል። ጥሩ መንገድ መደቡን ይዞ ረጅም ይሄዳል፣ ገደሉ የሰነፈበትን ቦታ ሲያገኝ ወደ ላይኛው መደብ ይሻገራል።

በጎን ተዳፋት ላይ የመንገዱ ግማሽ ቆረጣ፣ ግማሹ ሙሌት ነው። ከላይኛው ወገን የተቆረጠው አፈር በታችኛው ወገን ይሞላል። አደጋው ከመጋጠሚያው ላይ ነው። ቆረጣው ተፈጥሮ የጠቀጠቀው መሬት ነው፣ አይሰምጥም። ሙሌቱ ትንሽ ይሰምጣል። ያኔ በመንገዱ ርዝመት ቀጭን ስንጥቅ ይወጣል፣ ውሃም በዚያ ይገባል። መድኃኒቱ ከመሙላት በፊት ተዳፋቱን በእርከን መቁረጥ ነው። ሙሌቱ በእርከኖቹ ላይ ይቀመጣል፣ አይንሸራተትም። ማሳውን በእርከን የያዘ የጋይንት ገበሬ ይህን ሥራ ቢያይ ምክንያቱን መጠየቅ አያስፈልገውም።

ሙሌቱም በአንድ ጊዜ አይፈስም። ከ20 ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ንጣፍ ይዘረጋል። ግሬደር ያስተካክለዋል፣ ቦቴ ውሃ ይረጨዋል፣ ሮለር ይጠቀጥቀዋል። የውሃው መጠን ልክ አለው። ካነሰ አፈሩ አይያያዝም፤ ከበዛ ከሮለሩ ሥር ይገፋል። ልኩ የሚረጋገጠው ቀላል በሆነ ፈተና ነው። ከተጠቀጠቀው ንጣፍ ትንሽ ጉድጓድ ተቆፍሮ አፈሩ ይመዘናል። ጉድጓዱ የአንድ ሊትሩ ክብደት በታወቀ ደረቅ አሸዋ ይሞላል። ከገባው አሸዋ የጉድጓዱ ይዘት ይታወቃል፣ ከሁለቱ ደግሞ ጥቅጥቃቱ። ያላለፈ ንጣፍ ይገለበጣል፣ እንደገና ይሠራል።

ፎገራ ላይ ፈተናው ሌላ ነው። መሬቱ ዋልካ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። በላዩ በቀጥታ የተነጠፈ መንገድ በሁለት ክረምት ማዕበል ይሆናል። ስለዚህ ዋልካው ተጠርጎ ይወጣል ወይም በተመረጠ አፈር ይሸፈናል፣ መንገዱም ከሜዳው ከፍ ይላል። ርብ ሲሞላ ከፍ ማለቱ ምን እንደጠቀመ ይታያል።

ወደ ወልድያ ስንደርስ የድልብ ቁልቁለት ይመጣል። ደጋው በ1,000 ሜትር ገደማ ይወርዳል፣ መንገዱም እየተጠማዘዘ ይከተላል። ጥምዝ ላይ የሚታይ ጥበብ አለ። ግማሽ ክብ የሚዞር መንገድ ውስጠኛው ጠርዙ ከመካከሉ ያጥራል። የሚወጣው ከፍታ ግን እኩል ነው። መካከሉ 15 ሜትር ሬዲየስ ይዞ በ8 ከመቶ ቢወጣ፣ ከመካከሉ 3.5 ሜትር ወደ ውስጥ ያለው ጠርዝ ከ10 ከመቶ በላይ ይወጣል። ተሳቢ የሚጎትት መኪና እዚያ ይቆማል። ስለዚህ ጥሩ ሠሪ ከጥምዙ በፊት አቀበቱን ያቀልላል፣ ካለፈ በኋላ ይመልሰዋል። የረጅም መኪና የኋላ ጎማ ከፊተኛው ወደ ውስጥ ስለሚገባ መንገዱን ጥምዙ ላይ ያሰፋል።

ከመንገዱ በታች የድጋፍ ግንብ አለ። ጥቁር ድንጋይ በራሱ ክብደት አፈር እንዲይዝ ሲገነባ፣ የመሠረቱ ውፍረት ከቁመቱ ግማሽ ያህል ወይም የሚበልጥ መሆን አለበት። በፊቱ በረድፍ ቀዳዳዎች ይተዋሉ። ግንብ የሚገለብጠው ብዙ ጊዜ አፈሩ አይደለም፤ ከኋላው የተጠራቀመ ውሃ ነው። ቀዳዳው ውሃውን ያስወጣል። ከኋላው ጠጠር ካልተደረደረ ግን ቀዳዳው በጭቃ ይደፈናል። ከክረምት በኋላ ከቀዳዳው ሥር የውሃ ዱካ ያለበት ግንብ ሥራውን እየሠራ ያለ ግንብ ነው።

ከመንገዱ ሥር ውሃ የሚያሳልፈውን ካልቨርትም ከታች በኩል ማየት ይገባል። መግቢያው ውሃውን ይሰበስባል፤ ጉዳቱ ያለው መውጫው ላይ ነው። በሰፊ ተዳፋት ላይ ተበታትኖ ይወርድ የነበረ ውሃ በአንድ ቱቦ ተሰብስቦ በአንድ ማሳ ላይ ይለቀቃል። መውጫው ላይ ድንጋይ ካልተነጠፈ በጥቂት ዓመት ቦረቦር ይፈጠራል፣ ማሳውን ይበላል፣ ቀስ ብሎም ወደ ኋላ ተመልሶ መንገዱን ያፈርሳል። በሚገባ የተሠራ መውጫ ንጣፍ አለው፣ ዝቅ ዝቅ የሚሉ ደረጃዎች አሉት፣ ውሃውንም ወደ አለት ወይም ወደ ነባር ፈፋ ያደርሰዋል። የመንገዱ ጥራት ከመንገዱ ክልል ውጪ፣ በገበሬው መሬት ላይ ይለካል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ሚዛን ለአርብ ገበያ፣ ለስማዳና ለእስቴ መንገዶች ይጠቅማል። ዋናው መንገድ ሸንተረር ይዞ ውሃን ሸሸ። ከዋናው ተገንጥሎ ወደ ቆላው የሚወርደው መንገድ ይህ ዕድል የለውም። ተዳፋቱን መውረድ፣ ፈፋዎቹን አንድ በአንድ መሻገር ግዴታው ነው። ስለዚህ ከዋናው ይልቅ ብዙ ካልቨርት፣ ብዙ ግንብ፣ ብዙ እርከን ያለው ሙሌት ይፈልጋል። በጠባብነቱና በመኪናው ማነስ ተመዝኖ ያነሰ ሥራ ከተሰጠው መጀመሪያ የሚበላው ክረምቱ ነው። ቦዩ በየዓመቱ በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይበረታ መጠረግ አለበት፤ አካፋ ይዞ የሚጠርገው ሰውም ከቀያሹ ጋር እኩል የመንገዱ ሠሪ ነው። አዲስ መንገድ ሲመረቅ አስፋልቱን ከማመስገን በፊት ወርዶ የካልቨርቱን መውጫ መመልከት ነው። እዚያ ድንጋይ ተነጥፎ ከተገኘ፣ የቀረውም ሥራ በዚያው ጥንቃቄ ስለመሠራቱ ጥሩ ምልክት ነው።